ድሬ ላይ ፈሳሽ፣ ሐረር ላይ የረጋ፦ ስለ ዘይቱና ስለ አባዬ ልብ

የሳቢያን_ልጅ · እሑድ ማታ 2፡40

አቦ ሰላም ናችሁ የድሬና የሐረር ልጆች። ነገሬ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አባዬ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ነው፣ 67 ዓመቱ። ከወር በፊት ከከዚራ ወደ ቤት በእግሩ ሲመጣ ደረቱን ጨምድዶ ያዘው፣ ግራ እጁ ዛለበት፣ ላብ በላብ ሆነ። ድሬ ላይ ደግሞ ላብ ማንን ያስደነግጣል? ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ አለፈለትና ለማንም ሳይናገር ገባ። በማግስቱ ሲደግመው ነው በባጃጅ አጣድፈን የወሰድነው። ሐኪሙ የልቡ ደም ቧንቧ ጠቧል፣ ግፊቱም ከፍ ብሏል አለን። መድኃኒት ጻፈለትና "ጨው ቀንሱ፣ የሚረጋ ዘይት ተዉ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ይብላ" ብሎ በሦስት ደቂቃ ሸኘን።

ቤት ገብተን ለእናቴ ስነግራት "የኛ ዘይት መቼ ረግቶ ያውቃል?" አለች። እውነቷን ነው። ቢጫው ጀሪካን ኩሽና ጥግ ላይ ዓመቱን ሙሉ እንደ ውሃ ነው። እኔም አመንኳት።

ባለፈው ሳምንት ሐረር እህቴ ጋ ስሄድ ከዚያው ጀሪካን ሁለት ሊትር ቀድቼ ወሰድኩላት። ማታ የኩሽናዋ መስኮት ላይ አስቀመጠችው። ጠዋት ስንነሳ ግማሹ ነጭ ሆኖ ጠርሙሱ ውስጥ ቆሟል። ቅቤ በሉት።

ያው ዘይት ነው እኮ! እንግዲህ አባዬ ዕድሜ ልኩን ሲበላ የኖረው የትኛውን ነው? እናቴንስ ምን ብዬ ላሳምናት? ምን ብናበላው ይሻላል? ስለ ሳልመንና ስለ ብሮኮሊ የምታወሩትን ተዉልኝ። ቀፊራ ገበያ ወጥቼ የማገኘውን ንገሩኝ።

አቦ_ተወኝ · እሑድ ማታ 3፡05

አቦ አታካብደው! አያቴ ቅቤ እየጠጣ 90 ደፍኗል። እሱ ሲበላ ገንፎው ነበር ቅቤው ላይ ጣል የሚደረገው። ዘይቱ ረጋ አልረጋ ሆድ ሲገባ ይቀልጣል፤ ሰውነታችን 37 ዲግሪ አይደል እንዴ? ጨውንም ቢሆን ለደገኛ ምከሩት። እኛ ጠዋት የበላነውን ጨው ምሳ ሳይደርስ በላብ አውጥተን ጨርሰናል።

ለማንኛውም ለአባትህ አላህ አፊያ ያድርገው።

ፈጢራ_በማር · እሑድ ማታ 3፡12

የፈለጋችሁትን አውሩ፣ ፈጢራዬን የሚነካ ግን ከኔ ጋር ነው።

ነርሷ_ከሐረር · ሰኞ 9፡20 ከሰዓት

ገና ከተረኛነት መውጣቴ ነው፣ ግን ይህን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ስለ አባትህ። ደረት የሚጨመድድ ሕመም ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ እየሄደ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ጥላ ሥር ተቀምጦ አይጠበቅም። በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። እሳቸው በሁለተኛው ቀን ደርሰው መትረፋቸው ዕድል ነው፤ ይህንን ቤት ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ንገር። (ድሬዎች አንቱታ እንደማይገባችሁ አውቃለሁ። እኔ ግን ጎጃም ነው ያደግኩት፣ የሰው አባት "አንተ" ማለት አፌ እሺ አይለኝም።)

አሁን ወደ ዘይቱ። አቦ_ተወኝ፣ ሆድ ውስጥ ይቀልጣል ያልከው ልክ ነው። ብዙ ሰው ስቡ ቧንቧ ውስጥ ገብቶ እንደ ቅቤ የሚጋገር ይመስለዋል፤ እንደዚያ አይደለም። ጉዳዩ ያለው ጉበት ዘንድ ነው። ጉበት ኤልዲኤል የሚባለውን ኮሌስትሮል ተሸካሚ ከደም ውስጥ እየለቀመ ያወጣል። የሚረጋው ዓይነት ስብ፣ ሳቹሬትድ የሚሉት፣ ሲበዛበት ለቀማውን ይቀንሳል። ያልተለቀመው ደም ውስጥ ሲዞር ይከርምና የደም ቅዳ ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ እየሰረገ ይከማቻል። ሰውነት እንደ ቁስል ይቆጥረዋል፤ ግድግዳው ያብጣል፣ ይወፍራል። ይህ ሁሉ ሃያ ሠላሳ ዓመት ያለ ምንም ሕመም ሊሄድ ይችላል። አንድ ቀን እብጠቱ ሲቀደድ ደም እዚያ ላይ ይረጋል። ልብ በሉ፣ በመጨረሻ የሚረጋው ዘይቱ ሳይሆን ደሙ ነው። ቧንቧው ይዘጋል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የልብ ጡንቻ ደም አጥቶ ይሞታል።

ድሬ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። እህትህ መስኮት ላይ ያየኸው ያንን የ700 ሜትር ልዩነት ነው። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋው ዓይነት ስብ ነው። ተጣርቶ ፈሳሽ የተደረገውም ቢሆን ወደ 40 ከመቶ ወይም ከዚያ በላይ አለው። የሱፍ ዘይት ከ10 እስከ 12 ከመቶ ቢኖረው ነው። ኑግም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ንጥር ቅቤ ደግሞ ከፓልምም ያልፋል፣ ወደ 60 ከመቶ ይደርሳል። ሙቀታችሁ ነው ይህን ሲደብቅባችሁ የኖረው።

ግን መርጋቱን ብቻ ይዛችሁ አትፍረዱ። የወይራ ዘይትም ፍሪጅ ቢገባ ይደፈርሳል፣ ይረጋል፤ ለልብ ግን ከጥሩዎቹ አንዱ ነው። ስፔን ውስጥ 7,400 ያህል ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ነበር። አትክልት፣ ጥራጥሬና ዓሣ በሚበዛበት ማዕድ ላይ የወይራ ዘይት ወይም ለውዝ የተጨመረላቸው ሰዎች ስትሮክና የልብ አደጋ በ30 ከመቶ ገደማ ቀንሶላቸዋል። ስለዚህ ጀሪካኑን አዙሩና "ፓልም" የሚለውን ፈልጉ። "ኮሌስትሮል የለውም" የሚለውን በትልቁ የተጻፈ ነገር እለፉት፤ ከተክል የተጨመቀ ዘይት ሁሉ ኮሌስትሮል የለውም፣ ፓልምም ጭምር። ሻጩ አልዋሸም፣ ግን ምንም አልነገራችሁም።

ስለ ጨው ነገ። እግሬ አብጧል።

መጋላ_ሳምቡሳ · ሰኞ ማታ 1፡50

እኔ ቀፊራ አጠገብ ሳምቡሳና ባጊያ ጠብሼ ነው ልጆቼን የማሳድገው። የናንተ ወሬ እንጀራዬን ሊያስቆም ነው እንዴ ብዬ ነው የገባሁት።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር። ፓልም የምንጠቀመው በርካሽነቱ ብቻ አይደለም። ይችላል። ሱፍ ቶሎ ያረፋል፣ ቶሎ ይጠቁራል፤ ከሰዓት ሳይሆን ሌላ ግዢ ይጠይቅሃል። አንዳንዱ ጠባሽ ደግሞ የትናንቱ ላይ አዲስ እየጨመረ ሳምንት ያስኬደዋል፤ ሽታውን ሳልፍ አውቀዋለሁ። እኔ በየሁለተኛው ቀን እደፋለሁ፣ ከዚያ በላይ ግን ኪሴ አይፈቅድም።

ነርሷ እህቴ፣ ዘይት ስንት ጊዜ ነው የሚጠበስበት? ቁጥሩን ንገሪኝ።

ነርሷ_ከሐረር · ሰኞ ማታ 2፡30

ቁርጥ ያለ ቁጥር ብነግርሽ እዋሻለሁ፤ እንደ እሳቱና እንደሚጠበሰው ነገር ይለያያል። ምልክቱን ግን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ፦ ሲጠቁር፣ ሲያረፋ፣ ሲወፍር፣ ከበፊቱ ቀድሞ መጨስ ሲጀምር አብቅቷል። ፍርፋሪውን ማታ ማታ ማጥለል ዕድሜውን ያራዝመዋል፤ ዘይቱን የሚያቃጥለው እሱ ነውና። እስኪጨስ አታግዪው። አሮጌው ላይ አዲስ መጨመር ግን አዲሱንም ማበላሸት ነው።

ፓልም ይችላል ያልሽው ልክ ነው፣ የሚረጋው ስብ እሳት ላይ ቶሎ አይበላሽም። እኔ ሳምቡሳሽን አልከስም። ሰውየው በሮመዳን ማፍጠሪያ ላይ ሁለት ቢበላ ምን ይላል? ዓመቱን ሙሉ ቁርሱ ባጊያ፣ መክሰሱ ሳምቡሳ፣ እራቱ ዘይት የሚዋኝበት ፓስታ ሲሆን ነው ጣጣው።

የሳቢያን_ልጅ · ማክሰኞ 7፡10 ቀን

ስሙኝማ። እህቴ ትናንት ለለቅሶ ድሬ ትወርዳለች ሲባል የረጋውን ጠርሙስ ይዘሽ ነይ አልኳት፣ ለእናቴ ማስረጃ እንዲሆን። በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ተነሳች።

የደንገጎን ቁልቁለት ወደ ድሬ ሲወርዱ ቀለጠ!

እናቴ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። "የታለ?" አለች። "ውሃ የመሰለ ዘይት ነው ያመጣችሁልኝ። ከተማ ስላያችሁ የናታችሁን ኩሽና ናቃችሁ" ብላ ለምሳ ጨመረችው። ክርክሩ ባዶ ለባዶ ቀረ።

ነርሷ_ከሐረር · ማክሰኞ ማታ 1፡15

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። በል ወደ ጨው እንለፍ፤ እሱ ደንገጎ ላይ አይቀልጥም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ነው፣ ያልተቆለለ። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት አማካዩ 8.3 ግራም ነበር። ጨው ሲበዛ ሰውነት ውሃ ይይዛል፣ ቧንቧው ውስጥ የሚሄደው ይበዛል፣ ግፊት ይወጣል፤ ከፍ ያለ ግፊት ደግሞ ያንን ያበጠ ግድግዳ ሌት ተቀን ይወቅጠዋል።

ስለ ላብ። ላብ ውስጥ ጨው መኖሩ እውነት ነው። ግን ሙቀት የለመደ ሰውነት ቆጣቢ ነው፤ ላቡ ውስጥ የሚያስወጣውን ጨው ይቀንሳል። ፀሐይ ላይ ሲሚንቶ ሲሸከም የሚውል ጎረምሳ ሌላ ጉዳይ ነው። ጥላ ሥር ካርታ እየተጫወቱ የሚያልባቸው ጡረተኛ ግን የሚፈልጉት ውሃ ነው። (ልባቸው ደክሞ እግራቸው የሚያብጥ፣ ሐኪም ውሃ በልክ ያላቸው ሰዎች ይህን ምክር ለራሳቸው አይውሰዱ።)

አሁን የቤት ሥራ። ግማሽ ኪሎ ጨው እናንተ ቤት ስንት ቀን ይቆያል? ስንት ሰው ናችሁ?

የሳቢያን_ልጅ · ማክሰኞ ማታ 1፡40

አምስት ነን። እናቴን ስጠይቃት "ጨው ደግሞ ማን ይቆጥራል!" አለች። ሱቅ የምትላከው ታናሽ እህቴ ናት፣ እሷ ግን ታውቃለች፦ ዘጠኝ ቀን ገደማ።

500 ለ9፣ ከዚያ ለ5 አካፈልኩት። 11 ግራም በሰው! አቦ ይሄ ነገር ልክ ነው?

ነርሷ_ከሐረር · ማክሰኞ ማታ 1፡55

ከፓስታው ውሃ ጋር የሚደፋው ጨው ከሒሳቡ ይቀነስለት። ግን ዳቦው ውስጥ ያለው፣ ውጭ የምትበሉት፣ ሾርባና ወጥ ላይ የሚፈረፈረው የማጣፈጫ ኩብ አልተቆጠረም፤ ስለዚህ ያው ነው በለው። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁም ጨው ገብቶባቸዋል፤ እናትህ ወጡ ላይ የምትጨምረው ሁለተኛ ዙር ነው። ከሚቀጥለው በርበሬ ጀምሮ ሲፈጭ ጨው አይግባበት።

ለአምስት ሰው ግማሽ ኪሎው ቢያንስ 20 ቀን መቆየት አለበት። በአንድ ቀን እዚያ አትድረሱ፣ አባትህ ሳህኑን ይገፋሉ። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቀንሱ። ምላስ በጥቂት ሳምንት ይለምዳል፣ ከዚያ የጎረቤት ወጥ ራሱ ይጎመዝዛችኋል። ሎሚ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ እጃችሁ ላይ አለ። ሎሚ ስል ለማጣፈጫ ነው። በባዶ ሆድ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ጠጥቶ ደም ቧንቧ የሚያጥብ ሰው የለም፤ በዚህ እምነት ክኒኑን የተወ ግን አስታምሜያለሁ።

የጁገል_ልጅ · ረቡዕ 4፡30 ጠዋት

ሐረርን የዘይት ማርጊያ ብቻ አታድርጓት እንጂ!

እኔ የምለው፣ ሰው ልብ አይልም እንጂ የዚህ አገር የድሮ ማዕድ ግማሹ ለልብ የተመከረው ነገር ነው። የማሽላ እንጀራ ከነገለባው ተፈጭቶ፣ ሁልባት መረቅ (የአብሽ ሾርባችን)፣ ባቄላና ምስር፣ የባቢሌ ለውዝ ተቆልቶ ያለ ጨው። አሁን ማሽላውን የድሃ አደረግነውና ከጅቡቲ የገባ ነጭ ሩዝና ፓስታ ክብር አገኘ። ቤታችን እንግዳ ሲመጣ ማሽላ ቢቀርብ እናቴ ታፍራለች።

ፍራፍሬውስ? ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን፣ ጊሽጣ በደጃችን ያልፋል። ጭነው ጅቡቲ ያሻግሩታል፣ እኛ በምትኩ ለስላሳ እንጠጣለን። ጁስ ቤት ብትገባ ደግሞ አቮካዶው ላይ ስኳር በጭልፋ ነው። "ስኳር አትጨምሪ" ስላት ልጅቷ ስኳር በሽተኛ መስያት አዘነችልኝ።

አንድ ጥያቄ አለኝ ለሲስተር፦ ከቡና ገለፈት የምናፈላው ሆጃስ? ወተትና ጨው ስላለው ልተወው?

ነርሷ_ከሐረር · ረቡዕ 7፡00 ቀን

ሆጃህን ጠጣ፣ ጨዋን ቆንጠር አድርገህ ተዋት እንጂ። የጻፍከውን ግን እኔ ክሊኒክ ግድግዳ ላይ ብለጥፈው ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ልጨምርበት፣ እናቶችን ለማሳመን የሚረዳ። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ነው። ጨው ሳይቀነስ፣ ክብደት ሳይቀነስ፣ ፍራፍሬና አትክልት፣ ቅባቱ የተቀነሰ ወተት፣ ጥራጥሬና ለውዝ አብዝተው፣ የሚረጋውን ስብ ቀንሰው አበሏቸው። ግፊት የነበረባቸው ሰዎች የላይኛው ቁጥራቸው በ11 ያህል ወረደ፤ መውረድ የጀመረውም በሁለት ሳምንት ውስጥ ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ ፖታሲየም ነው፤ ኩላሊት ጨውን በሽንት እንዲያስወጣ ያግዘዋል። ሙዝ፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን፣ ድንች፣ ባቄላ ውስጥ ሞልቷል። (ኩላሊቱ የታመመ ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አያብዛ።) ልኩ በቀን 400 ግራም ነው፣ በእጅ አምስት እፍኝ ያህል። የሎሚ ቀለም ብቻ ያለው ጁስ አይቆጠርም።

ደግሞ የተዋችሁትን ነገር በምን እንደተካችሁት ተጠንቀቁ። ቅቤውን ትቶ በነጭ ዳቦና በስኳር ሻይ ሆዱን የሚሞላ ሰው ለልቡ ምንም አልጠቀመም። ባቄላ፣ ሽሮ፣ ለውዝና ፈሳሹ ዘይት ሲተኩት ነው ለውጡ የሚታየው።

ጾመኛዋ · ረቡዕ ማታ 2፡20

እኛ ከዓመቱ ግማሽ በላይ እንጾማለን፣ ሥጋና ቅቤ አይነካንም፣ ስለዚህ ልባችን ተጠብቋል ብዬ አስብ ነበር። ባለቤቴ የጾም ቀን ግፊቱ ሲለካ ከፍስኩ ጊዜ አልተሻለም። ቆይቼ ሳስበው የኛ ሽሮ ዘይት ላይ ተንሳፋ ነው የምትቀርበው። ቅቤውን ያጣ ሰው ሁሉ በዘይት ይካካሳል። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ የሁለት ወሩን በአንድ ሌሊት።

አሁን ሽንኩርቱን በውሃ አቁላልቼ ዘይቱን መጨረሻ ላይ ጠብ ነው የማደርገው። መጀመሪያ ሰሞን ባለቤቴ "ይሄ የሆስፒታል ምግብ ነው" ይል ነበር። አሁንም ይላል፣ ግን ይበላል።

ሐሙስ_በርጫ · ሐሙስ ማታ 4፡45

ይቅርታ አድርጉልኝና ይህን ሁሉ ገጽ ስታወሩ ዝሆኑን አላያችሁትም ልበል? ዘይት፣ ጨው፣ ማሽላ… ጫቱስ?

እኔ ቃሚ ነኝ፣ አልሰብክም። የኛን ቀን ልንገራችሁ። ምሳ ሰባት ሰዓት ላይ ቅባት የበዛበት ሩዝ በሥጋ፣ ምክንያቱም ጫት በባዶ ሆድ አይቃምም። ከዚያ በርጫ፦ ስኳር የተዘጋበት ሻይ፣ ለስላሳ፣ አጠገቤ ያለው ሲጋራ። እራት አይበላም፣ አፒታይት የለም። እኩለ ሌሊት ላይ ረሃብ ሲነሳ የተጠበሰ የተባለ ሁሉ። ጨብሲ የሚወጣው ደግሞ ቢራውን ይጨምርበታል። ምርቃና ላይ ሳለሁ ልቤ ከበሮ ነው። 41 ዓመቴ ነው። ይህ ክር አስፈርቶኛል።

ነርሷ_ከሐረር · ዓርብ 3፡10 ጠዋት

በመጻፍህ አመሰግንሃለሁ። ሌላው ስለ ጎረቤቱ ነው የሚጽፈው።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ልብን ያስሮጣል፣ ግፊትን ያወጣል፣ የልብን ደም ቧንቧዎች ያጠባል። የመን ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች ድንገተኛ የልብ ሕመም ቃሚዎች ላይ፣ በተለይ በብዛት በሚቅሙት ላይ፣ እንደሚበዛ አሳይተዋል። ሰዓቱም የተለየ ነው፤ ይህ ሕመም በአብዛኛው ጠዋት ላይ ሲበረታ ቃሚዎች ዘንድ ግን ከሰዓትና ማታ፣ ማለትም በበርጫ ሰዓት ሆኖ ተገኝቷል።

ልትተወው ካልቻልክ ሲጋራውን ከበርጫው ለይ፣ እሱ ይቅደም። ለስላሳውንም በውሃ ቀይር፤ አንድ 300 ሚሊ ጠርሙስ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለቀን ቢሆን ይመረጣል ያለው 25 ግራም ነው። ግፊትህንም ዛሬ ተለካ። ነገ አይደለም።

የሳቢያን_ልጅ፣ አባትህስ?

የሳቢያን_ልጅ · ዓርብ 6፡25 ቀን

ይህን ጥያቄ ስፈራው ነበር። አዎ። ዓርብ ከሰዓት ከድሮ የባቡር ጓደኞቹ ጋር። ለሐኪሙ አልተናገረም፣ ሐኪሙም አልጠየቀው። ዛሬ ዓርብ ነው፣ ስድስት ሰዓት አልፏል፣ ሸሚዙን እየቀየረ ነው። ልሂድ።

ሁለተኛ_ልብ · ቅዳሜ 5፡00 ጠዋት

ከመስመር ልወጣ ነው። "የልብ ድካም" ሲባል ሁሉም ሰው አንድ ነገር የሚያወራ አይመስለኝም። አገራችን ውስጥ ቧንቧው የተዘጋበትም፣ ልቡ ደም መግፋት ያቃተውም፣ የልቡ በር፣ ቫልቩ፣ የተበላሸበትም በአንድ ስም ይጠራል። እኔ ሦስተኛው ነኝ። ልጅ ሳለሁ ቶንሲል ይመላለስብኝ ነበር፣ በደንብ ሳልታከም ቀረሁ፣ ልቤን ነካው። ሩማቲክ ይሉታል። ይህን ማሽላ አይከላከለውም፤ የልጅን ጉሮሮ በጊዜ ማሳከም ነው የሚከላከለው። እናቴ ዕድሜ ልኳን "ምን አብልቼህ ይሆን?" ስትል ኖራለች፤ ስለ እሷ ስል ነው ይህን የምጽፈው።

ደግሞ ቫልቭ ተቀይሮላችሁ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የምትወስዱ፣ ይህን ክር አንብባችሁ ነገ በድንገት ጎመን በጎመን እንዳትሆኑ። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ይቀንሰዋል። መጠኑን ሳትቀያይሩ አንድ ልክ ብሉ፣ ለሐኪማችሁም ንገሩ።

ነርሷ_ከሐረር · ቅዳሜ 6፡40 ቀን

ይህንን እኔ ነበርኩ መጀመሪያ መጻፍ የነበረብኝ። ዘለልኩት። ተባረክ።

የሳቢያን_ልጅ · ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ማታ 1፡30

ተመለስኩ።

እናቴን ያሳመናት የኔ ወሬ አይደለም። የእህቴ ልጅ ታሞ ልትጠይቅ ሐረር ወጣች፣ ሁለት ሌሊት አደረች። ዘይቱን ራሷ ቀድታ ነው የሄደችው፣ "ዛሬ ቁርጡ ይለያል" ብላ። ሌሊት ተነስታ ሁለት ጊዜ እንዳየችው እህቴ ነገረችኝ። ጠዋት ላይ ጠርሙሱን ገለበጠችው፣ አልፈስ አለ። በማንኪያ ቧጥጣ አሸተተችው። ምንም አልተናገረችም። ቁርስ ሳትበላ ወረደች።

ጀሪካኑን ግን አልጣለችም፣ የምን መጣል! ለመጋላ_ሳምቡሳ ዓይነት ጎረቤት በቅናሽ ሸጠችው (እህቴ ይቅርታ)። የሱፍ ዘይቱ ዋጋው ይቆነጥጣል። ስለዚህ ድሮ በዓይኗ ለክታ ትገለብጥ የነበረውን አሁን በቡና ሲኒ ነው የምትለካው፤ ለአንድ ድስት ግማሽ ሲኒ። ወጪው ከበፊቱ ብዙ አልጨመረም። ጨው 14 ቀን ደርሷል። አባዬ "ቤቱ ውስጥ የሞተ ሰው አለ እንዴ፣ ወጡ ለምን ዝም አለ?" ይላል፣ ግን ሎሚ እየጨመቀ ይበላል። ጠዋት ላይ ፉል ነው፣ ዘይቱን ከላይ ሳይደፉበት። ፓፓያ አይወድም፣ ማንጎ ላይ ግን ችግር የለበትም።

ግፊቱ ወርዷል። ክኒኑ ይሁን ጨው ይሁን አልመረመርኩም፣ ሁለቱንም ቀጥሏል። ዓርብ በርጫው አልቀረም። ስለ ጫቱ ግን ለሐኪሙ ራሱ ተናገረ። ሌላ ሐኪም ነበር፤ ይህኛው ወንበር ስቦ ተቀምጦ ግማሽ ሰዓት አወራው። አሁን ለጓደኞቹ ሻይ እየቀዳ፣ ለውዝ እየፈለፈለ ይቀመጣል፤ የቀረውን አልጠይቅም።

እናቴ ደግሞ አዲስ ነገር ጀምራለች። ማንኛውንም ዘይት ጀሪካን ከመግዛቷ በፊት ከሱቁ ትንሽ ታስቀዳና በሽሮፕ ጠርሙስ ወደ ሐረር ትልካለች፣ እህቴ ጠዋት ደውላ ውጤት እንድትነግራት። ጽሑፉን ማንበብ ይበቃል ብላት አልሰማችኝም። ትናንት የሚኒባሱ ረዳት ጠርሙሱን አገላብጦ "ማዘር፣ መድኃኒት ነው?" አላት። "ናሙና ነው። ሐረር ያድራል" አለችው።

አቦ_ተወኝ · እሑድ ማታ 1፡52

አቦ የኔንም ጨምራ ትላክልኝ። የገንፎው ነገር ላይ ግን አሁንም አልተስማማንም።